የወለተሐና አሥራ ሁለት ጎመኖች

ከወለተሐና ጓሮ ጎመን ለመውሰድ ዋጋው አንድ ቅርጫት አመድ ነበር። ገንዘብ አትቀበልም። ገብስ ይዞ የመጣውንም «እህልህን ለልጆችህ፣ አመድህን ለእኔ» ብላ ትመልሰዋለች። መጀመሪያ የሰማ ሁሉ የምትቀልድ ይመስለው ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰው የሚተርፍ ነገር ቢኖር አመድ ብቻ ነው፤ እንጨት በሌለበት አገር ጧት ማታ ኩበት ይነዳል፣ ኩበት ደግሞ ሲነድ ከሙቀቱ አመዱ ይበልጣል። ስለዚህ ከሥላሴ በታች ባለው ሰፈር ለጎመን የሚከፍለው ያጣ ድሃ አልነበረም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወለተሐና ትውልዷ አንኮበር ነው። እዚያ ጉሙ ገደሉን ሲያረሰርሰው ስለሚውል ጓሮው ጎመን የሌለው ቤት አይገኝም። ከበግ ጠጉር ወፍራም ባና የሚሠራው ተክለጊዮርጊስ አግብቷት ደብረ ብርሃን ሲያመጣት ግን ያገኘችው ሜዳ፣ ንፋስና በግ ነው። «ጎመንስ?» ብላ ብትጠይቅ «ገበሬ ያመጣዋል፣ ከገበያ ትገዣለሽ» አሏት። እውነትም በየገበያው ቀን በሸክም በሸክም ይመጣ ነበር። እሷም እንደ ሰፈሩ ሰው እየገዛች አሥራ አምስት ዓመት ኖረች።

ጣሊያን ገብቶ ጉብታው ላይ ምሽጉን ሲሠራ፣ ተክለጊዮርጊስ የጀመረውን ባና ጨርሶ ላዘዘው ሰው አስረከበና ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ልጅ አልነበራቸውም፣ ወለተሐና ብቻዋን ቀረች። ገበያውም እያደር ሞተ። ገበሬው ወደ ከተማ ሲመጣ አርበኛው አስቁሞ «ለጠላት ስንቅ ልታቀብል ነው?» ይለዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ኬላው ላይ «ለሽፍታ ምን ይዘህ ነው?» ይሉታል። ለአንድ ሸክም ጎመን ብሎ በሁለት አፈሙዝ መካከል የሚመላለስ ሞኝ ከየት ይመጣል! ገብስና ባቄላ እንኳ እንደ ምንም ብሎ ይገባ ነበር፤ ቅጠል የሚባል ነገር ግን ከናካቴው ጠፋ። ቆሎና በሶ፣ በሶና ቆሎ ሲበሉ ከርመው የልጆቹ ድድ መድማት ጀመረ። ሲሯሯጥ ሰፈሩን ያስቸግር የነበረ ልጅ ሁሉ ከንፈሩ ነጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲገባ ረሒማ መጣች። ረሒማ ከአሊዩ አምባ ጨውና በርበሬ በአህያ ጭና ዳገቱን የምትወጣ ነጋዴ ናት፤ ከወለተሐና ጋር የሚተዋወቁት ገና በልጅነት፣ አንኮበር ሳሉ ነው። ያን ቀን አህያዋ ባዶዋን ነበረች። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለችና የሻሿን ጫፍ ፈትታ ጠቆር ያለ ድቃቂ ፍሬ ወለተሐና መዳፍ ላይ ዘረገፈችላት።

«የጎመን ዘር ነው፣ ወለቴ። ጨዉንም በርበሬውንም ኬላ ላይ ወሰዱብኝ። ይቺን ግን ወላሂ ቅማል መስላቸው ነው መሰለኝ፣ አልነኳትም።»

ተሳሳቁ። ከሳቁ በኋላ ወለተሐና ዘሩን በጣቷ ነካካችው። ገበያው ከሞተ ወዲህ እጇ ላይ ምንም የሚበቅል ነገር አልያዘችም ነበርና፣ ያቺ ጭብጥ የማትሞላ ነገር አሳዘነቻት።

ባሏ ባና የሚያሰጣበትን ግቢ ቆፈረችው። አፈሩ ደረቅና ግትር ነበር፣ ቆፍራ ብታገላብጠው ትል እንኳ የለበትም። የአንኮበር ሰው ለጓሮው እበት እንደሚያለብስ ታውቃለችና በየመንገዱ ከብት የጣለውን እየለቀመች ቀበረችበት፤ የዓመታት አመዷንም ከመድፊያው ዝቃ አለበሰችው። ይህን ጊዜ ነው ከአጥር ማዶ ጎረቤቷ በሰለች የጮኸችው።

በሰለች የምትኖረው በኩበት ነው። ከብት ተከትላ እበት ትለቅማለች፣ በጭድ ለውሳ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ሲደርቅ ትሸጣለች። እበት አፈር ውስጥ ሲገባ ማየት ለእሷ እንጀራ ገደል ሲገባ የማየት ያህል ነበር።

«ወለቴ፣ አብደሻል? ሰው የሚሞቅበትን አፈር ውስጥ ትቀብሪዋለሽ?»

«አፈሩም በርዶት ነው» አለቻት ወለተሐና ቀና ሳትል።

በሰለች ይህን መልስ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። «አፈር በረደው» እያሉ ሲስቁባት ከረሙ። ዘሩ በቅሎ ጓሮው አረንጓዴ ሲሆን ግን ሳቁ ቆመ። ሰው እየመጣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ዝም ብሎ ያያል። ከቤተክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ሳይቀሩ ቆም ይላሉ። ጎመን አይተው የማያውቁ ይመስል! ግን እውነታቸውን ነው፤ የጣሉት አመድ፣ የረገጡት እበት እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ማን ቆሞ አያይም?

ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት አያ ይሁኔ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁት፣ ወገን የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለበት ወፍራም ባና ተከናንበው ከጓሮው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ተክለጊዮርጊስ ዱር ከመግባቱ በፊት ጨርሶ ያስረከበው የመጨረሻ ባና ያ ነው። ወለተሐና ስታርም ዓይኗ ወደ ቀዩ መስመር መሄዱ አይቀርም፤ አያ ይሁኔም እንደማያዩ ሆነው ያያሉ።

ቅጠሉ ሲደርስ ለመቁረጥ የመጣውን ሁሉ አመድ አምጣ አለችው። የሰፈሩ ሰው ቅርጫቱን እየያዘ ተሰለፈ። በሰለችም አፏን እያጣመመች አመዷን ይዛ መጣች፤ እበት ግን አንድ ቀን እንኳ አላመጣችም። ልጇ እናናየሁ ድዷ ከመድማቱ የተነሣ ቆሎ ማኘክ ትታ ነበር። ሁለት ሳምንት ጎመን በልታ አንድ ጧት ከአጥሩ ማዶ ስትዘፍን ተሰማች። ወለተሐና መኮትኮቷን አቁማ አዳመጠች። በሰለች ግን አመሰግናለሁ አላለችም። «ጨው ያንሰዋል» ነው ያለችው።

ያን ዓመት ወለተሐና አንድ ትልቅ ስህተት ሠራች፤ ሁሉንም አበላች። እጁን ዘርግቶ ለመጣ አልሰስትም አለች፣ ሰዉ ደግሞ ቅጠሉን ጨርሶ ቅርንጫፉን፣ ቅርንጫፉን ጨርሶ አገዳውን ልጦ በላ። ለዘር የሚሆን አንድ እግር እንኳ አልተረፈም። ከተሜ ጎመንን የሚያውቀው በገበያ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ገበሬው ይጨነቅበት ነበር። እሷም አሥራ አምስት ዓመት ከተሜ ሆና ኖራለችና ረስታው ነበር።

በዓመቱ ረሒማ ደግማ መጣች። ከስታለች፣ አህያዋም የለችም።

«ይኼ የመጨረሻው ነው፣ ወለቴ። ዳገቱን ዘግተውታል፤ እኔም በገደል ተንጠላጥዬ ነው የመጣሁ። እታችም ዘር ያለው ሰው የለም፣ በልተነዋል። ኢንሻአላህ መንገዱ ሲከፈት እንገናኛለን።»

ወለተሐና ዘሩን ተቀብላ ረሒማን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እዚያች ቋጠሮ ላይ ቆመ። ከዘራችው ውስጥ ከመካከሉ አሥራ ሁለት እግር መርጣ በገመድ ከለለችና «ከነዚህ ማንም ቅጠል አይቀነጥስም» ብላ ለሰፈሩ ተናገረች። የቀረውን ሁሉም እንደ ልማዱ በአመዱ ይወስዳል፤ አሥራ ሁለቱ ግን ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ለሚመጣው ክረምት ለየቤቱ ዘር ይሆናሉ። አያ ይሁኔ ወዲያው «ሐዋርያት» ብለው ስም አወጡላቸው።

«ይሁዳ ግን የቱ ነው?» አሉ እየሳቁ።

ከዳር ያለው አንዱ አገዳው ጠማማ፣ ወደ አጥሩ የተንጋደደ ነበር። ይሁዳነት ለእሱ ደረሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያ ይሁኔ ጧት ሲመጡ ሰላምታቸው «ይሁዳ እንዴት አደረ?» ሆነ፤ ወለተሐናም «ደህና አድሯል፣ አያ» ትላቸዋለች።

ኅዳር አልቆ ሌላው ጎመን ሁሉ ተቀንጥሶ ሲያልቅ ግን ቀልዱ መረረ። አሥራ ሁለቱ ከሰው ወገብ አልፈው፣ ቢጫ አበባቸውን አራግፈው፣ እሸት የዘር ኮረት፣ ዘሩ የሚበስልበትን ቀጭን ከረጢት፣ ይዘው ቆመዋል። ከሥራቸው ገና ቅጠል አላቸው። አንድ ቀን በሰለች ከገመዱ ውስጥ እጇን ስትሰድ ወለተሐና በመዳፏ መታቻት።

«ለልጄ ነው እኮ!»

«ለልጅሽ ስል ነው» አለቻት ወለተሐና። ገመዱንም መልሳ ወጠረችው።

በሰለች ሄደች። ሰፈሩም ወሬውን ሰማ፤ ንፉግ አሏት። ወለተሐና ቤቷ ገብታ የመታችበትን እጇን እያየች ተቀመጠች። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ የደብረ ብርሃን ውርጭ መጣ። አበባ ያራገፈ ጎመን ቅዝቃዜ ይችላል፤ እሸት ኮረት ላይ አመዳይ ካረፈበት ግን ዘሩ እዚያው ይሞታል። ወለተሐና የምታውቀውን አደረገች። አባቷ ከአንኮበር በላይ ባለው ደጋ ገብስ ከመዝራቱ በፊት አፈር እየቆለለ፣ ከሥሩ ኩበት እየከተተ ያጤስ ነበር፤ ጭሱ የተኛበት ማሳ ላይ አመዳይ እንደማያርፍ ከሕፃንነቷ አይታለች። ስለዚህ በየጎመኑ አጠገብ አንድ አንድ የአፈር ቁልል ሠራች፣ ከራሷ ምድጃ የቆጠበችውን ኩበት ከሥሩ ከተተችና ጎህ ሲቀድ ለኮሰችው። ንፋስ አልነበረም። አሥራ ሁለት ጭስ፣ አሥራ ሁለቱም እኩል፣ ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ወጡ። አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻቸው፣ በጣም ደስ አላት።

ምሽጉም አያቸው። ፀሐይ ሳትሞቅ ወታደሮች መጥተው ወሰዷት።

ያስተረጎመላት ገብረ ሕይወት የሚባል ሰው ነው። የምሽጉ አለቃ ተናገረ፣ ገብረ ሕይወትም ወደ እሷ ዞረ።

«ባልሽ ዱር ነው። አሥራ ሁለት ጭስ ያጤስሽለት ምን ልትነግሪው ነው?»

«ለጎመን ነው ያጤስኩት።»

«ጎመን ማነው? ስንት ሰው ይመራል?» አለ አለቃው በአስተርጓሚው በኩል።

ወለተሐና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቅ አመለጣት፤ በጥፊም መቷት። እንደ ገና አስረዳች፤ ስለ አመዳይ፣ ስለ አባቷ ገብስ፣ ስለ ዘር። ገብረ ሕይወት ሲሰማት ቆየና ለአለቃው አጭር ነገር ተናገረ። ያመናት ይመስል ነበር። አለቃው ግን አላመነም። በዚያው ቀን ከዚያ ሰፈር ጎህ ላይ ጭስ የወጣበት ቤት ይቃጠላል ተብሎ አዋጅ ተነገረ፤ እሷንም ድንጋይ ቤት ዘጉባት።

አምስት ቀን ተዘጋባት። ረሃቡን ቻለችው። የማትችለው ጧቱን ነበር። ጎህ ሲቀድ መዳፏን በሩ ላይ ታስደግፋለች፣ በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ቅዝቃዜው እስከ አጥንቷ ሲዘልቅ «ዛሬም ወርዷል» ትላለች። በአራተኛው ጧት በጣሳ ያስቀመጡላት ውሃ ረጋ፣ በጣቷ ብትነካው ጠንክሯል። ይህን ጊዜ ተስፋ ቆረጠች። ባሏ ዱር ሲገባ ሰው እንዳያያት ብላ ዋጥ አድርጋው የነበረውን እንባ ሁሉ ለአሥራ ሁለት እግር ጎመን አለቀሰችው። በየቤቱ የሚቀመጡትን ልጆች ከንፈር አሰበች። የመታችውንም የበሰለችን እጅ አሰበች። ዘሩ ካልተረፈ ያ ምት ለምን ነበር?

በስድስተኛው ጧት ለሌላ እስረኛ ቦታ ስለተፈለገ ለቀቋት። ጥፋቷም ጽድቋም አልተነገራት። ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ በባዶ እግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቀስ ብላ ሄደች፤ የጠቆረ አገዳ ለማየት ማን ይቸኩላል?

ከአጥሩ ጥግ ስትደርስ ጎመኖቿ የሉም። በቦታቸው አንድ ትንሽ መንደር ተሠርቷል።

አሥራ ሁለት ጎጆ ነበር። ኩበቱ ክብ ክብ ሆኖ እየተደረደረ እስከ ሰው ደረት ወጥቷል፣ በክፍተቱ እርጥብ እበት ተመርጎበታል። ጣሪያው የበግ አጎዛ ነው፣ የቆዳ ጀንዲ ነው፣ ባና ነው፣ አንዱ ላይ ከሥላሴ የመጣ የተቀደደ ምንጣፍ አለ። በሁሉም ላይ አመዳይ እንደ ጤፍ ዱቄት ተነስንሷል። ወለተሐና አጥሩን ያዘች። ያ ሁሉ ኩበት የአንድ ሰፈር የበጋ ማገዶ ነበር፤ ያ ሁሉ አጎዛ የሰው መኝታ ነበር። በዚያ ብርድ ሰፈሩ ሁሉ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ጎመኖቹን አልብሷል። እዚያው ተቀመጠች።

ከጎጆዎቹ መካከል አንዲት ሴት ብድግ አለች። በሰለች ናት፣ እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል።

«ምን ተቀምጠሽ ታያለሽ? ሥራ አይበቃኝም?» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መቱሽ እንዴ?» አለቻት።

«ትንሽ ነው። በሰለች፣ ይኼ ኩበት…»

«የእኔ ነው። ከየሰዉም ተዋጥቷል። ጭስ ተከለከለ እንጂ ኩበት አልተከለከለ። ሌሊት ሌሊት እናለብሳቸዋለን፣ ፀሐይ ስትወጣ እንገልጣቸዋለን። ነይ እንግዲህ፣ ዛሬ አንቺ ግለጪ።»

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ጠበቁ። ከዚያ ወለተሐና አጎዛውን አንድ በአንድ አነሣች። ከመጀመሪያው ጎጆ ውስጥ የከብት ጋጣ ዓይነት ለብ ያለ አየር ፊቷን መታት። ኮረቱ አረንጓዴ ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። እጇን እያስገባች ትዳስሳለች፣ ፍሬው በውስጡ ድቡልቡል ሆኖ ይሰማታል። አንድ ጎጆ ተንዶ አንዱ ጎመን ሞቷል፤ ከሁሉ የወፈረው ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ከኋላዋ ቆሙ። እናናየሁ ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

ከዳር ያለው ይሁዳ ቀረ። የእሱ ጎጆ እንደ ራሱ ተንጋዶ ነው የተሠራው፣ ላዩ ላይ ሁለት እጥፍ የሆነ ወፍራም ባና አለ። ወለተሐና ባናውን ስታነሣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አየች። እጇ እዚያው ቀረ።

«አያ ይሁኔስ ምን ለብሰው ነው የሚያድሩት?»

«ምን እናድርግ!» አለች በሰለች። «አምስት ሌሊት ሙሉ ለመንናቸው፣ እምቢ አሉ። ‹ለሌሎቹ የሚሰጥ አይጠፋም፣ ለይሁዳ ከእኔ በቀር ማን ይሰጠዋል› ነው የሚሉት።»

ይሁዳ ከሁሉ አብልጦ አፍርቶ ነበር፣ ጠማማው አገዳው ከኮረቱ ክብደት የተነሣ ኩበቱ ላይ ተደግፏል። ወለተሐና ግን ቆማ አልቆጠረችውም። ባናውን አቅፋ ሮጠች።

አያ ይሁኔ ከጎጇቸው ደጃፍ፣ የጧት ፀሐይ በምታርፍበት ግድግዳ ሥር በአንዲት ሳሳ ያለች ነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ስትመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና ወለተሐና ክው ብላ ቆመች። ከዚያ እርምጃዋን ሰምተው ገለጡት። ማን እንደሆነች ለማየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ፊቷ ላይ ያለውን የጥፊ ሰንበር አዩ፣ የታቀፈችውንም ባና አዩ።

«ይሁዳ እንዴት አደረ?» አሏት።

ተንበርክካ ባናውን በትከሻቸው ላይ አለበሰቻቸው፣ ቀዩን መስመር ወደ አገጫቸው ሳብ አድርጋ ከፊት አጠላለፈችው። ባናው የእበትና የጎመን ሽታ ይሸታል።

«ደህና አድሯል፣ አያ» አለቻቸው በመጨረሻ።